ከማዘርቦርድ እስከ ጆሮ

ማየት ለሚችል ሰው የኮምፒዩተሩ ድምፅ ቢጠፋ የሚቀርበት ዘፈን ነው። ማየት ለተሳነው ተማሪ ግን ድምፁ ሲጠፋ ኮምፒዩተሩ በጠቅላላ ይጠፋል። ፋይሉ የት እንዳለ፣ የነካው ፊደል የትኛው እንደሆነ፣ ማሽኑ ራሱ መነሣት አለመነሣቱን የሚያውቅበት ሌላ መንገድ ብዙ ጊዜ የለውም። ይህን የተማርኩት በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ የመሰናዶ ትምህርት ቤት ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች በተለየች ጠባብ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ሊኑክስ ላይ ድምፅ ጠፋብኝ የሚል ሰው ሲገጥመኝ ጉዳዩን አቅልዬ ማየት አልቻልኩም።

ክፍሏ ውስጥ የነበሩት ከውጭ በእርዳታ የመጡ ያገለገሉ ማሽኖች ናቸው። ዊንዶውስ በነበረባቸው ጊዜ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዛመት ቫይረስ በየጊዜው ያሽመደምዳቸው ነበር። ጆውስ የሚባለው ስክሪን አንባቢ ፈቃዱ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ዋጋውም ትምህርት ቤቱ የሚደፍረው አልነበረም። በነፃ የሚገኘው ኤንቪዲኤም ቢሆን የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ብቻ ስለሆነ ከቫይረሱ አያስጥልም። ክፍሏን የሚመሩት መምህር፣ እሳቸውም ዓይነ ስውር ናቸው፣ ሊኑክስ ላይ ኦርካ የሚባል አንባቢ እንዳለ ሰምተው አስጠሩኝ።

ኡቡንቱ 14.04 የሚባለውን ሊኑክስ ጫንኩላቸው። ሱፐር፣ ኦልትና ኤስ አብረው ሲነኩ ኦርካ ይነሣል። ከማሽኖቹ የተወሰኑት ወዲያው አፋቸውን ፈቱ፤ የቀሩት ዝም አሉ። ኦርካ እየሠራ እንደሆነ ስክሪኑ ላይ ይታየኛል፤ ሄድፎን ያደረጉት ልጆች ግን የሚሰሙት ነገር የለም። አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ እንዳደረገች «ጋሼ፣ ተነሥቷል ወይስ አልተነሣም?» አለችኝ።

ስለዚህ በመጀመሪያ የሠራሁት ይህን ጥያቄ የሚመልስ ነገር ነው። ብዙ ማዘርቦርድ ላይ ከሳውንድ ካርዱ ጋር የማይገናኝ ትንሽ ቢፐር አለ። ጩኸቱን የሚወደው ሰው ጥቂት ስለሆነ ኡቡንቱ ድራይቨሩን እንዳይጫን በሚከለክል ፋይል ውስጥ ጽፎ ዝም ያሰኘዋል። ያቺን መስመር ዘጋሁና ማሽኑ ተነሥቶ ሲያበቃ አንድ ጊዜ «ቢፕ» እንዲል አደረግኩ። ሳውንድ ካርዱ ባይሠራ እንኳ ልጁ ማሽኑ እንደተነሣ ያውቃል። ዓይነ ስውራን በሚጠቀሙበት ማሽን ላይ ይህ ቢፐር በፍጹም መዘጋት የለበትም ብዬ እስከ ዛሬ አምናለሁ።

ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ገባን። ውኃ ሲጠፋ ከቆጣሪው ጀምሮ ቧንቧውን ተከትሎ እንደሚኬደው ድምፅም የሚከተሉት መንገድ አለው። ኦርካ ያነበበውን ጽሑፍ ስፒች ዲስፓቸር ለሚባለው ፕሮግራም ያቀብላል፤ እሱ ለኢስፒክ ይሰጣል፤ ኢስፒክ ጽሑፉን ድምፅ ያደርገዋል። ድምፁ ወደ ፐልስኦዲዮ ይወርዳል፤ ዛሬ በኡቡንቱ ከ22.10 ጀምሮ በዚህ ቦታ ያለው ፓይፕዋየር ነው። ከዚያ ሥር አልሳ አለ። አልሳ በከርነሉ ድራይቨር በኩል ማዘርቦርዱ ላይ ለተበየደችው ኮዴክ ለምትባል ቺፕ ያስረክባል፤ ከኮዴኳ በጃኩ በኩል ወደ ጆሮ ይወጣል። ከነዚህ አንዱ ቢዘጋ ውጤቱ ያው ዝምታ ነው። ፐልስኦዲዮ በ2008 እ.ኤ.አ. በኡቡንቱ 8.04 ከገባ ጀምሮ ብዙ ሰው ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ ይደፈድፋል፤ እኔ በዚያች ክፍል ካየኋቸው ችግሮች አብዛኞቹ ግን ከእሱ በታች ነበሩ። ስለዚህ ሁልጊዜ ከሥር እጀምራለሁ፦ «ኤፕሌይ» ከሰረዝ ኤል ጋር ሲጻፍ ድራይቨሩ ያገኛቸውን ካርዶች ይዘረዝራል፤ «ስፒከር-ቴስት» ደግሞ በዋቭ ፋይልና በሁለት ቻነል እንዲሠራ ሲታዘዝ በግራ ጆሮ «ፍሮንት ሌፍት»፣ በቀኝ «ፍሮንት ራይት» ይላል። ይህ ከተሰማ ቺፗም ጃኩም ደኅና ናቸው፤ ፍለጋው ወደ ላይ ይወጣል።

ከዝምተኞቹ የሚበዙት ችግራቸው ቀላል ነበር። የአልሳ ድምፅ መቆጣጠሪያ የሆነው አልሳሚክሰር ሲከፈት ከአንዳንዶቹ መስመሮች ሥር «ኤምኤም» የሚል ምልክት ይታያል፤ ታፍኗል ማለት ነው። ማስተሩ ክፍት ሆኖ «ፍሮንት» ወይም «ሄድፎን» የሚለው ሊታፈን ስለሚችል፣ የዴስክቶፑ ምልክት መቶ በመቶ እያሳየ ጆሮ ላይ የሚደርስ ነገር አይኖርም። ኤም የምትለውን ቁልፍ መንካት ይበቃል። ይህን እያደረግኩ ለመምህሩ ስነግራቸው ግን «እርስዎ በሌሉበት ቀን ይህን ማን ያየዋል?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። አልሳሚክሰር በቀለምና በቋሚ መስመር ለዓይን የተሰናዳ ነው፤ ኦርካ ቢያነበውም ለሰሚው ትርጉም አይሰጥም። ለእነሱ የሚሻለው አሚክሰር ነበር፤ ትእዛዙ በአንድ መስመር ተጽፎ የሚያልቅ ስለሆነ ሳያዩም ሳይሰሙም ሊጻፍ ይችላል። አጭር ስክሪፕት አዘጋጀሁ፦ ማስተሩን፣ ፒሲኤሙን፣ ፍሮንቱንና ሄድፎኑን ይከፍታል፤ መጠናቸውን 80 በመቶ ያደርጋል፤ ፐልስኦዲዮን ዘግቶ ያስነሣል፤ በመጨረሻ ኦርካን እንደገና ይጠራል። ሦስት ቁልፎች አብረው ሲነኩ እንዲሠራ አደረግኩት። ተማሪዎቹ ድምፅ በጠፋባቸው ቁጥር እጃቸውን አውጥተው መምህሩን መጥራት ትተው ቁልፎቹን መንካት ለመዱ።

አንድ ማሽን ግን ፈተነን። ሄድፎኑ ከኋላ ሲሰካ ይናገራል፤ ከፊት ሲሰካ ዝም ይላል። የኋላው ጃክ ወደ ግድግዳው ስለሆነ ልጆቹ በዳበሳ ሊያገኙት ይቸገራሉ፤ ስለዚህ የፊቱ መሥራት ነበረበት። ምክንያቱ የኬሱ ዕድሜ ነው። የፊት ጃኩ የተሠራው ኢንቴል በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣው ኤሲ 97 በተባለው ደንብ ሲሆን፣ ማዘርቦርዱ ግን በ2004 እ.ኤ.አ. የመጣውን ኤችዲ ኦዲዮ ይጠቀማል። አዲሱ ደንብ አንድ ነገር መሰካቱን ከጃኩ ይጠይቃል፤ አሮጌው ጃክ ጥያቄውን በሚገባ የሚመልስበት ሽቦ የለውም። ድራይቨሩ የተሰካ ነገር የለም ብሎ መስመሩን ይዘጋዋል። ባዮስ ውስጥ የፊት ፓነሉን ዓይነት ከኤችዲ ወደ ኤሲ 97 ስቀይረው ሠራ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ግን ተመልሶ ዝም። የባዮሷ ባትሪ አልቃ ስለነበር፣ መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኑ ከፋብሪካ የወጣበትን ቅንብር ይዞ ይነሣል። ሰዓቱም አብሮ ይዛባል፤ ሰዓቱ የተዛባበት ማሽን ድምፁም ከጠፋ ያቺን ሲአር 2032 የምትባል ጠፍጣፋ ባትሪ መጠርጠር ነው። ተለወጠች፤ ጃኩም እንደሠራ ቀረ።

አንድ ዓይነት ስም ያላት ቺፕ እዚህ ማሽን ላይ ተናግራ እዚያኛው ላይ ለምን እንደምትዘጋ መምህሩ ጠይቀውኝ ነበር። የኤችዲ ኦዲዮ ደንብ የትኛው የቺፗ እግር ከየትኛው ጃክ ጋር እንደሚገናኝ ለማዘርቦርድ ሠሪው ትቶታል። ሠሪው ይህን በባዮሱ በኩል በትክክል ማሳወቅ አለበት፤ ብዙ ጊዜ በትክክል አያሳውቅም። በዚህ ምክንያት የሪልቴክ ቺፖች ድራይቨር ውስጥ ለእያንዳንዱ የተበላሸ ማሽን የተለየ ማስተካከያ የያዘ ረጅም ሠንጠረዥ አለ። የሊኑክስ ኩባንያው የሱሴ ባልደረባ ታካሺ ኢዋይ ይህን የከርነል ክፍል ለረጅም ዓመታት ሲያስተዳድር የኖረ ሰው ነው። ሠንጠረዡን ሳነብ ከብዙዎቹ መስመሮች በስተጀርባ ኮምፒዩተሩ ዝም ብሎበት ዝርዝሩን ልፋት ሳይሰለቸው ጽፎ የላከ ሰው ይታየኛል። ለእነዚህ ሰዎች ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው።

ለመምህሩ በአገር ውስጥ የተገዛው አዲሱ ኮምፒዩተር ችግሩ ሌላ ነበር። ሞኒተሩ በኤችዲኤምአይ ገመድ ስለተገናኘ ድምፁ ወደ ሞኒተሩ ይሄዳል፤ ሞኒተሩ ስፒከር የለውም። የኤችዲኤምአዩን ፕሮፋይል ዘግተን በአንድ አፍታ ተገላገልን።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ድምፅ ባለው ማሽን ላይ የተገኘው ችግር ነው። ያቺው «ተነሥቷል ወይስ አልተነሣም?» ያለችኝ ልጅ አንድ ቀን ጠራችኝና «ጋሼ፣ ትንሽ ቆይቼ ስነካው ቢም፣ ዲም፣ ፒም ‹ኢ› ነው የሚለኝ» አለችኝ። ሄድፎኑን ተቀብዬ ሞከርኩት። በፍጥነት ስጽፍ እያንዳንዱ ፊደል ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ለእኔ ደኅና ነበር። «እንዲያ አይደለም፤ እጅዎን አንሥተው ይቆዩ» አለችኝ። እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ ጠበቀች፤ ከዚያ «ዲ»ን ነካች። «ኢ» አለ። እንደገና ጠበቀችና «ቲ»ን ነካች። አሁንም «ኢ»። የፊደሉ ራስ ተቆርጦ ጅራቱ ብቻ ነው የሚደርሰው። ቀጥላም «ዝም ባልኩ ቁጥር ደግሞ መጀመሪያ ‹ጠቅ› የሚል ነገር ይሰማኛል» አለችኝ። እኔ ያን ጠቅታ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

መልሱን የያዘችው ጠቅታዋ ናት። ኤችዲ ኦዲዮ ድራይቨሩ ኃይል ለመቆጠብ ሲል ድምፅ ሲቋረጥ ኮዴኳን ያስተኛታል፤ ጠቅታው እሷ ስትተኛ የሚሰማው ነው። ስትቀሰቀስ ለመንቃት ጥቂት ጊዜ ትፈልጋለች፤ ለአንድ ዘፈን ያቺ ቅጽበት ምንም አይደለችም፤ ለአንድ ፊደል ግን ግማሹን ትበላለች። የድራይቨሩን «ፓወር ሴቭ» የሚል ቅንብር ስናየው 1 ይላል፤ ድምፅ ከቆመ ከ1 ሰከንድ በኋላ ተኛ ማለት ነው። ወደ 0 ቀየርነው፤ ማሽኑ ሲነሣም እንዲጸና በሞድፕሮብ ፋይሎች ውስጥ ጻፍነው። ያም ሆኖ ቆረጣው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ፐልስኦዲዮም በበኩሉ ሥራ የፈታ ካርድ የሚዘጋበት ሞጁል አለው። የእሱንም መስመር ዘጋን። ልጅቷ እጇን አንሥታ ቆየች፤ «ቢ»። ቆየች፤ «ዲ»። ቆየች፤ «ፒ»። ከዚያ ወንበሯን ስባ በክፍሉ ያሉትን ማሽኖች በሙሉ በየተራ በዚሁ መንገድ ፈተሸች፤ ቆረጣ ያለባቸውን እየነገረችኝ አስተካከልኩ። ማስተካከያው ጥቂት ኤሌክትሪክ ያባክናል፤ በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ ግን ፊደልን ሙሉ መስማት ከዚያ ይበልጣል።

መምህሩ ያደረግነውን ሁሉ በቅደም ተከተል በብሬል አስጽፈው ክፍሏ ውስጥ አስቀመጡት። ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ አንድ ርካሽ የድምፅ አስማሚም ገዝተው መሳቢያቸው ውስጥ አኖሩ። ይህ ሐሳብ የራሳቸው ነው፤ የማዘርቦርዱ ድምፅ ሲጠፋ አስማሚው ይሰካና ማሽኑ መናገር ይጀምራል፤ ከዚያ ተማሪው ራሱ እየሰማ የማዘርቦርዱን ይጠግናል። እኔ የማየው ሰው ይህ አልታሰበኝም ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ያቺ ልጅ ደወለችልኝ። ሥራ ይዛለች፤ በአዲስ ላፕቶፕ ላይ ዴቢያን 11 የሚባለውን ሊኑክስ ጭናለች፤ የዴቢያን መጫኛ ራሱ በድምፅ ስለሚመራ የሰው እርዳታ አላስፈለጋትም። ነገር ግን የላፕቶፑ ካርድ አልታወቀም፤ በቦታው «ደሚ አውትፑት» የሚል ብቻ አለ። የከርነሉን መልእክት በዩኤስቢ አስማሚዋ እየሰማች አንድ የጎደለ ፋይል ስም አግኝታለች፤ አነበበችልኝ። አዳዲሶቹ የኢንቴል ላፕቶፖች ከኮዴኳ በፊት የድምፅ ማቀነባበሪያ አላቸው፤ እሱም ሶፍ የሚባል ፈርምዌር ካልተጫነለት አይነቃም፤ የዴቢያን 11 መደበኛ መጫኛ ደግሞ ፈርምዌሩን አልያዘም። የፓኬጁን ስም ነገርኳት፤ ጭና ሪስታርት አደረገችና ስልኩን ወደ ላፕቶፑ አስጠጋችው። ኢስፒክ እኔ መከታተል በማልችለው ፍጥነት ሲናገር ሰማሁ።

«መጣ» አለችኝ። «ማይኩ ግን አይቀዳም። ኤሬኮርድ ካርዱን ይዘረዝረዋል፤ ስለዚህ ድራይቨሩ አለ። ካፕቸሩ የታፈነ ይመስለኛል፤ ይቆዩኝ፣ በአሚክሰር ልየው።» የኪቦርዷ ድምፅ በስልኩ ይሰማኝ ጀመር።