ዓይን ውስጥ ሲደማ፦ ሕመም የሌለው አደጋ



ዓይን ሲቀላ ሁላችንም እንደነግጣለን። በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ደም ቢታይ ግን፣ ምት ወይም ሕመም ከሌለው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ በራሱ ይጠፋል። ይበልጥ የሚያስፈራው ከውጭ የማይታየው ነው። የዓይናችን ውስጥ ጥርት ባለ ዝልግልግ ነገር የተሞላ ነው። ከኋላው ደግሞ ምስል የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ሬቲና፣ አለ። የሬቲና ደም ሥር ሲቀደድ ደሙ ወደ ዝልግልጉ ይፈስሳል። ሰውየው ጥቁር ክር፣ የሸረሪት ድር ወይም ቀይ ጭጋግ ያያል፤ ሲብስም ይጨልምበታል። ግን አያመውም። ስለማያመውም ይዘገያል።

እዚህ ወረታ ከመስጂዳችን አባቶች አንዱ ከዒሻእ ሶላት በኋላ፣ "ልጄ፣ ቀኝ ዓይኔን ድር ጋረደኝ፤ ሞራ ይሆን?" አሉኝ። ሞራ ቀስ በቀስ ነው የሚጋርደው፤ የእሳቸው ግን በአንድ ቀን የመጣ ነው። ስኳር ከያዛቸው ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። "ሩዙ ይታጨድና እሄዳለሁ" ሲሉ፣ "አባቴ፣ ሩዙን ልጆችዎ ያጭዱታል" ብለን ለመንናቸው። በማግስቱ ልጃቸው ባሕር ዳር ወሰዳቸው።

ሐኪሙ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ጨመረላቸው። ደሙ ስለጋረደው ሬቲናውን በአልትራሳውንድ አየው። ስኳር ለዓመታት ሳይስተካከል ሲቀር የሬቲናን ደም ሥሮች ይዘጋል። በምትካቸው አዳዲስ ሥሮች ይበቅላሉ፤ እነሱ ግን ደካሞች ናቸውና በቀላሉ ይደማሉ። ምት፣ ደም ግፊትና የሬቲና መቀደድም ያደማሉ። በተለይ የብርሃን ብልጭታ ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ የዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል።

ሕክምናው እንደ ጉዳቱ ነው። ጥቂት ደም በሳምንታት ወይም በወራት ሊመጠጥ ይችላል፤ እስከዚያው ትራስ ከፍ አድርጎ መተኛትና ከባድ ነገር አለማንሳት ይመከራል። ደካሞቹን ሥሮች ለማክሰም ሌዘርና ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ አለ። ደሙ ካልጠራ ወይም ሬቲናው ከተነሣ ዝልግልጉን ከነደሙ የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና ይደረጋል፤ ቪትሬክቶሚ ይባላል።

ለአባታችን ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈላቸውና ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። ሬቲናው እንዲጣበቅ ዓይናቸው ውስጥ ጋዝ ስለተጨመረ ለቀናት በግንባራቸው እንዲደፉ ታዘዙ። ጋዙ ከፍታ ላይ ስለሚያብጥ እስኪጠፋ ድረስ አውሮፕላን ክልክል ነው፤ ደጋ አቋርጦ በመኪና ለመሄድም ሐኪም ማስፈቀድ ያሻል። ስለዚህ ዘመድ ቤት ቆዩ።

ከዚያ ደውለው፣ "ሶላቴስ?" አሉኝ። ጥያቄው የቆየ ነው። ታላቁ ሶሓባ ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ዓይናቸው ሲታመም፣ ለቀናት በጀርባህ ተኛ ተብለው ሶላታቸውን ፈርተው ሕክምናውን እንደተዉ ይነገራል። ዑለማዎች ከዚህ ተነሥተው ተወያይተዋል። ኢማም ነወዊ ይበልጥ ትክክለኛ ያሉት፣ ታማኝና ዐዋቂ ሐኪም ካዘዘ ሰው መቆም እየቻለ እንኳ ተኝቶ መስገድ ይፈቀድለታል የሚለውን ነው። "አባቴ፣ ሐኪሙ ባዘዘዎት አኳኋን በምልክት ይስገዱ፤ ሶላትዎንም ሕክምናዎንም አይተዉ" አልኳቸው።

ዛሬ በዚያ ዓይናቸው የሰው ፊት ይለያሉ፤ ደቃቅ ጽሑፍ ግን አያነቡበትም። ስኳሩ ቀድሞ ያበላሸውን ቀዶ ሕክምና ሁሉንም አይመልስም።

ስለዚህ ወጣቶች፣ እቤታችሁ ስኳር ያለበት ሰው ካለ፣ ደህና አያለሁ ቢልም በዓመት አንድ ጊዜ ሬቲናውን አስመርምሩት። መድኃኒቱንም በገዛ ራሱ እንዳያቋርጥ፤ ረመዳንም ሲደርስ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ዛሬ ማታ ደግሞ አንዱን ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ በሌላው እንዲያይ፣ ከዚያም እንዲያቀያይር አድርጉ። ሁለቱ ዓይኖች አብረው ሲያዩ ደህናው የታመመውን ይደብቀዋልና።

አላህ የእናት አባቶቻችንን ብርሃን ይጠብቅልን።