«ልብ ወለዱ የት ደረሰ?»

ካፌ ሰልፍ ላይ ስታገኙን የምትጠይቁን ይህንኑ ነው። ምዕራፍ 11 አልቋል፣ ሰባት ይቀራል፣ አልሐምዱሊላህ። ለማታውቁን፦ ሁለት የዶርም ጓደኛሞች ነን፣ ሁለታችንም የወሎ ልጆች። አንድ ልብ ወለድ አብረን እየጻፍን ነው፤ ሳዑዲ ሠርታ በ2006 ስለተመለሰች ሐዋ ስለምትባል ሴት። አዘጋጆቹ «በትምህርት መሃል እንዴት ያዛችሁት?» ስላሉን ይኸው።

ከሱብሂ በኋላ ካፌ እስኪከፈት ያለችው ሰዓት የሐዋ ናት። አንድ ቀን አንዳችን፣ በማግስቱ ሌላችን፣ በቀን አንድ ገጽ በእጅ ጽሑፍ። ጁሙዓ እረፍት ነው። ገጹ ሲሞላ ሐሳብ ቢኖርም እናቆማለን፤ ቀጥሎ የሚመጣውን በአንድ መስመር ከግርጌ ጽፈን ለባለ ተራዋ እንተውላታለን። «ሐዋ ስልኩን ታነሳለች» የሚል ነገር። ባዶ ወረቀት ላይ ማፍጠጥ የቀረልን በዚህ ነው። ወደ ኋላ እየተመለሱ ማረም ክልክል ነው፤ ያልጣመን ነገር ደብተሩ መጨረሻ ላይ ይመዘገባል፣ ረቂቁ ሲያልቅ እናየዋለን። ሚድና ፋይናል ሲመጣ ደብተሩ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ ከመግባቱ በፊት ግን የምንመለስበት ቀን ሽፋኑ ላይ ይጻፋል። ያለዚያ ሳምንቱ ወር ይሆናል።

ስለ አደረጃጀት የተማርነው ከግብፁ ነጂብ ማህፉዝ ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመው ይህ ሰው እስከ ጡረታው ድረስ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ የሚጽፈው ከቢሮ መልስ፣ በተወሰነ ሰዓት ነው። የአንድ የካይሮ ቤተሰብን ታሪክ በሦስት ቅጽ ሲጽፍ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የራሱ ፋይል ነበረው፣ እንዳይጠፋበት። ከሺህ ገጽ በላይ ነዋ! የእኛ ትንሽ ቢሆንም ፋይሉን ወርሰናል። ለሐዋ፣ ለእናቷ፣ ለደላላው አንድ አንድ ገጽ አላቸው፦ ዕድሜ፣ ሰላምታ አሰጣጥ፣ ማን ለማን ስንት እንዳለበት። የሐዋ ዕዳ በየምዕራፉ ስንት እንደቀረ ተደምሮ ተቀንሶ ተጽፏል። ይህን የምትሠራው የአካውንቲንግ ተማሪዋ ናት፤ ሌላዋ ደስተኛ ናት።

ከሁሉ የጠቀመን የቀን መቁጠሪያው ነው። የሐዋ ሕይወት በሂጅራ፣ የእናቷ ደብዳቤ በእኛ አቆጣጠር ስለሚሄድ ሁለቱን ጎን ለጎን አሰመርን። በዚያ ዓመት ዓረፋ የዋለው ጥቅምት 5፣ የሳዑዲ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ማሰስ የጀመረው ጥቅምት 25። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ከመቶ ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተመለሱ። በዓሉንና አሰሳውን የሚለያቸው 20 ቀን ብቻ መሆኑን ወረቀቱ ላይ ስናይ የመጽሐፉ መሃል የት እንደሆነ ታወቀን፤ አራት ምዕራፍ እዚያው ሰጠነው።

ስለ ተነሳሽነት ብዙ ይባላል። እኛን ያስቀመጠን ግን የምትጠብቀን ሰው መኖሯ ነው። የአንዳችን አክስት ከተመላሾቹ አንዷ ናት። ሐሙስ ማታ የሳምንቱን ምዕራፍ በድምፅ አንብበን በቴሌግራም እንልክላታለን፤ እንጀራ እየጋገረች ትሰማዋለች። ምላሿ ውስጥ አክንባሎው ሲከደን ይሰማል። «ከዚያስ? ቶሎ በሉ እንጂ» ትላለች። እንዲህ የምትልን ሴት እያለች ሐሙስን መዝለል አይሞከርም።

ምዕራፍ 9 ላይ ዝም አለች። ሐዋ ማቆያ ውስጥ አውሮፕላን የምትጠብቅበት ሌሊት ነው፤ ለቅሶ በለቅሶ አድርገነው ነበር። በስምንተኛው ቀን ድምፅ መጣ። «ልጆቼ፣ ያ ሌሊት ለቅሶ አልነበረውም። ፀጉር ስንሠራራ ነው ያደርነው፤ እናቶቻችን ተጎሳቁለን እንዳያዩን።» ቀጥላ አንድ ነገር ነገረችን፤ ልጇ እንኳ የማታውቀውን። እሱን እንዳንጽፍ አደራ አለችን።

በዚህ ተጣላን ማለት ይቻላል። አንዳችን «ሐዋ ለምን እንደማታወራ የሚያስረዳው እሱ ነው፣ ስሙን ቀይረን እናስገባው» አለች። ሌላችን «አደራ ስም በመቀየር አይፈታም» አለች። ሦስት ቀን ደብተሩ አልተከፈተም። በመጨረሻ ተውነው፦ ሐዋ ዝም ትላለች፣ ምክንያቱ መጽሐፉ ውስጥ የለም። አንባቢ «ለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል፤ ይጠይቅ። ለአክስታችን ይህንኑ ስንነግራት «አብሽሩ» ብቻ ብላ የፀጉሩን ነገር በዝርዝር ታስረዳን ጀመር፤ ማን ማንን እንደሠራች፣ ማበጠሪያ ያለችው አንዷ ብቻ እንደነበረች።

ሰኔ ላይ እንመረቃለን፤ ከዚያ አንዳችን ኮምቦልቻ፣ ሌላችን ሥራ ወደተገኘበት። በአንድ ደብተር በየተራ መጻፍ ያኔ አይቻልም፣ ስለዚህ ኢንሻአላህ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። የዚህ ሐሙስ ምዕራፍ 12 ነው። ሐዋ ቦሌ አርፋለች፤ በር ላይ ማን እንደሚጠብቃት አልተስማማንም። አክስታችንን ጠይቀናታል፣ ገና አልመለሰችም።