ስለ ሾተላይና ስለ አባት ደም

ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚጋባ፣ ዘመድን ከባዕድ ለመለየት ከቅድመ አያት በላይ ወጥቶ የሚመረምር፣ በዚህም ነገር የሽማግሌን ቃል እንደ መሐላ የሚቀበል ሕዝብ፣ ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ በኋላ ስለ ሙሽራይቱና ስለ ሙሽራው የደም ዓይነት አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳያነሣ ድንኳን መትከሉ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የመጀመሪያ ልጅዋን በደኅና ወልዳ የታቀፈች ሴት፣ ሁለተኛው በማኅፀን ሳለ ሲሞትባት፣ ሦስተኛውም ገላው እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ በተወለደ በጥቂት ቀን ውስጥ ሲያርፍባት፣ አባቶቻችን «ሾተላይ አለባት» ይሉ ነበር፤ ዛሬም የሚሉ አሉ። ደብተራው ቁመቷን ለክቶ በዚያው ልክ ብራና ያዘጋጃል፤ በራስጌው ቅዱስ ሱስንዮስን በፈረስ ተቀምጦ ሕፃናት ገዳይዋን ውርዝልያን በጦር ሲወጋ ይሥላል፤ ከሥዕሉም በታች ጸሎቱን፣ በጸሎቱም መካከል የባለቤቲቱን ስመ ክርስትና በቀይ ቀለም ይጽፋል። ክታቡ ተጠቅልሎ በቆዳ ከተሰፋ በኋላ በአንገቷ ይንጠለጠላል። ከዚህ በኋላ የተወለደው ልጅ ቢያድግ ምትኩ ወይም ካሣ ወይም ማስረሻ ይባላል፤ ባያድግ ግን ባልየው ሌላ ሚስት ያገባል፣ እርስዋም ማኅፀንዋ የተረገመ እንደ ሆነ አምና ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች።

በእነዚያ ሰዎች አልዘብትም። ፊተኛው ልጅ ተርፎ ኋለኞቹ የሚያልቁበትን ሥርዓት ያለ መሣሪያና ያለ መጽሐፍ ለይተው ማየታቸው ትልቅ አስተውሎ ነው፤ የሳቱት ምክንያቱንና በደለኛውን ነው።

በ1939 እ.ኤ.አ. ፊሊፕ ሌቪንና ሩፉስ ስቴትሰን የተባሉ ሐኪሞች በኒውዮርክ ሕይወት የሌለው ልጅ ወልዳ ደም ስለ ፈሰሳት፣ የባሏ ደም በተሰጣትም ጊዜ ሰውነቷ እጅግ ስለ ታወከባት ሴት ጻፉ፤ በዓመቱም ካርል ላንድስታይነርና አሌክሳንደር ዊነር ዛሬ አር ኤች የምንለውን የደም ባሕርይ ገለጹ። በቀይ የደም ሕዋሱ ገጽ ላይ «ዲ» የተባለው ፕሮቲን ያለው ሰው ፖዘቲቭ፣ የሌለው ደግሞ ኔጋቲቭ ይባላል። ኔጋቲቭ የሆነች እናት ፖዘቲቭ ፅንስ ስትይዝ፣ ይልቁንም በወሊድ ጊዜ፣ ከልጁ ደም ጥቂት ወደ እርስዋ ይገባል፤ ሰውነቷም እንግዳውን አይቶ የሚዋጋውን ጸረ አካል ይሠራል። ይህ እስኪሠራ ድረስ በኵሩ ተወልዶ ያመልጣል፤ በቀጣዩ እርግዝና ግን ጸረ አካሉ እንግዴ ልጁን አልፎ ይገባና የፅንሱን ደም ያፈርሳል።

እንግዲህ ያ «ዲ» ለፅንሱ የመጣው ከወዴት ነው? እናቲቱ የላትምና ከአባቱ ነው። ይህን ስል በደሉን ከሚስት አንሥቼ በባል ላይ ለመጫን አይደለም፤ ሰው የሚያወርሰውን ዘረ መል መርጦ አያወርስም። ነገር ግን ስንት ዘመን ሙሉ በአንዲቱ ብቻ ላይ የተፈረደበት ነገር ከሁለት ሰዎች የመጣ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል።

ከዚህም የሚበልጥ አንድ ምሥጢር አለ። ማንም ሰው ይህን ባሕርይ የሚወስነውን ዘረ መል በሁለት ቅጂ፣ አንዱን ከአባቱ አንዱን ከእናቱ ይቀበላል፤ ፖዘቲቭ ለመባል ግን «ዲ» ያለበት አንዱ ብቻ ይበቃዋል። ባልየው በሁለቱም ቅጂ «ዲ» ካለው ልጆቹ ሁሉ ፖዘቲቭ ይሆናሉ፤ በአንዱ ብቻ ካለው ግን በየእርግዝናው ልጁ ኔጋቲቭ የመሆን ዕድሉ እኩሌታ ነው፣ ኔጋቲቭ የሆነውንም ፅንስ የእናቱ ጸረ አካል አይነካውም። ስለዚህ ሁለት ሦስት ሕፃናት ከሞቱ በኋላ በድንገት አንዱ ጤነኛ ሆኖ ሲወለድ፣ ምስጋናው ለክታቡና ለጸሐፊው ሆነ፤ እንዲህ ያለው ልጅ በየመንደሩ አልፎ አልፎ ስለ ታየ ይመስለኛል ክታቡ እስከ ዛሬ ክብሩን ያልተገፈፈው።

መድኃኒቱ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። አንቲ ዲ የሚባለው መርፌ በ28ኛው ሳምንት፣ ሁለተኛም ልጁ ፖዘቲቭ ሆኖ ሲገኝ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይወጋል፤ የእናቲቱ ሰውነት ጸረ አካል መሥራት ሳይጀምር የገባውን የልጁን ደም ያጠፋዋል፣ ከጀመረ በኋላ ግን አይጠቅምም። በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ እውነቱን ለመናገርም በኀፍረት የሚሸሸገው፣ ፅንስ ሲጨነግፍም ሆነ ሲቋረጥ መርፌው ሊያስፈልግ የሚችል መሆኑ ነው። ከቤተሰብ ተደብቃ ፅንስ ያቋረጠች ልጅ የደም ዓይነቷን የሚጠይቃት ካላገኘች፣ ከዓመታት በኋላ በሕጋዊ ትዳርዋ የምትፀንሰውን ልጅ የሚጎዳ ጸረ አካል ይዛ ልትኖር ትችላለች፤ በዚህ ነገር ከነውሩ ይልቅ ዝምታው ይገድላል።

መድኃኒቱ የሚቀመመው ከሰው ደም ነው። ጄምስ ሃሪሰን የተባለ አውስትራሊያዊ፣ በ14 ዓመቱ ደረቱን በተቀደደ ጊዜ የሰው ደም ተቀብሎ የዳነ፣ መርፌ ሲገባበት ለማየት የማይደፍር ሰው፣ እስከ 81 ዓመቱ ድረስ 1,173 ጊዜ ክንዱን ሰጥቷል፤ በዚህም 2.4 ሚሊዮን ያህል ሕፃናትን እንደ ታደገ ይገመታል። በ2025 እ.ኤ.አ. ዐርፏል።

ለሠርግ የምትዘጋጁ ሆይ፣ የደም አለመስማማት እጮኛን ለማሰናበት ምክንያት አይሆንም፤ አስቀድሞ ለመዘጋጀት ግን ይሆናል። ሚስትህ ኔጋቲቭ ናት ከተባለች፣ ቀጥሎ ለምርመራ ክንዱን መዘርጋት ያለበት አንተ ነህ። አንተም ኔጋቲቭ ከሆንህ ልጆቻችሁ ሁሉ ኔጋቲቭ ናቸውና ሥጋት የለባችሁም። ፖዘቲቭ ከሆንህ ግን መድኃኒቱን ምጥ ሳይመጣ ፈልገህ አስቀምጥ፤ 72 ሰዓት ከፋርማሲ ፋርማሲ ለሚዞር ሰው አጭር ነው።