ጠብታና ጉም

የናፍጣ ሞተር ብልጭታ አይሻም። ታምቆ በጋለ አየር ውስጥ ነዳጁ እንደ ጉም ሲረጭ በራሱ ይነዳል፤ ጉሙን የሚያበጀው ኢንጄክተር ነው። ኢንጄክተር ማንጠባጠብ ሲጀምር ግን ሞተሩ ያንኳኳል፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል።

አባታችን ያወረሰን፣ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራው መርሴዲስ 240ዲ እንዲህ ሆኖ ነበር፤ ወንድሞቼም «ለቁራሌው ይሸጥ» አሉ። መካኒኩ የነዳጅ ቱቦዎቹን ፈትቶ አራቱንም ኢንጄክተሮች አወጣ። አዲሶቹን ከመትከሉ በፊት ከሥራቸው የሚቀመጡትን ቀጫጭን ቀለበቶችም ለወጠ፤ አንዴ ከተጨፈለቁ ዳግም አያገለግሉምና። በመጨረሻም ከቱቦዎቹ አየሩን አስወጣ።

ሞተሩ ሲነሣ እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ በዝምታ አዳመጠች። አባቴ ካረፈ ወዲህ ሐዘኑ በየልባችን ጠብ ጠብ ሲል ኖሯል፤ ያን ቀን ግን ስሙን እያነሣን እስኪመሽ አወጋን። መኪናው አልተሸጠም። ሐዘንም እንደ ናፍጣ ነው፤ ሳይረጭ ሲቀር ያጨሳል።