የደብተር ሽፋን ላይ ያለው ጥቅስ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነውና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

የሃይስኩል መምህር ደብተር ሲሰበስብ መጀመሪያ የሚያየው ሽፋኑን ነው። ሽፋኑ ላይ የኳስ ተጫዋች አለ፣ ዘፋኝ አለ፣ ከነሱ ጎን ደግሞ ጥቅስ አለ። እኔ ባየሁት ሁለቱን የሚያህል የለም። አንዱ ኤርምያስ 29፥11 ነው፣ እግዚአብሔር ለእኛ ስላሰበው መልካም ነገር የሚናገረው። ሁለተኛው ፊልጵስዩስ 4፥13፣ ሁሉን ስለ መቻል የሚናገረው። ባጃጅ ላይ አሉ፣ የታክሲ መስታወት ላይ አሉ፣ የስልክ ስክሪን ላይ አሉ። ልጆቹ በእስክሪብቶ ደጋግመው አድምቀው ይጽፏቸዋል፣ ዙሪያውን በአበባ ያስጌጡታል። ደስ ይላል። ደስ የማይለው ውጤት የወጣ ቀን ነው።

ታስታውሳላችሁ፣ የ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍሎች ናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በአውቶቡስ ተጭነው ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተፈተኑት። ጥር 2015 ላይ ውጤቱ ሲወጣ፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ወደ 30 ሺህ ብቻ ነበሩ። 3.3 በመቶ! በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ዛሬ እሱን ልተነትን አልተነሳሁም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ከእነዚያ ካላለፉት ልጆች ስንቱ ደብተሩ ላይ ያ ጥቅስ ነበረ?

አንዷ ውጤት በወጣ በሦስተኛው ቀን ማታ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፣ ስሟን ግን አልጠራም። ታታሪ ልጅ ነበረች። እናቷ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው ያስተማረቻት። መልእክቷ አጭር ነበር፦ «ቲቸር፣ ዓመቱን ሙሉ ያንን ቃል ይዤ ነው ያጠናሁት። እግዚአብሔር ዋሸኝ? ወይስ እኔ ነኝ በደንብ ያላመንኩት?»

እስቲ አስቡት። አንዲት የ18 ዓመት ልጅ እነዚህን ሁለት በሮች ብቻ ነው ያየችው። በአንዱ ከገባች እምነቷን ትጥላለች። በሌላው ከገባች በወደቀችበት ላይ የበደለኝነት ድንጋይ ትሸከማለች። በዙሪያዋ ያለው ሰው ደግሞ «ለበጎ ነው» ብሎ ያልፋል። ለበጎ ሊሆን ይችላል፣ ግን የጠየቀችው እሱን አይደለም።

እኔ ቄስ አይደለሁም፣ ሰባኪም አይደለሁም። በዲፕሎማ የማስተምር ሰው ነኝ። መምህር ግን አንድ ነገር ያውቃል። ተማሪ መልሱ ሲጠፋበት መጀመሪያ የሚነገረው «ጥያቄውን እንደገና አንብበው፣ ከላይ ጀምረህ» ነው። እኛም እንደዚያው እናድርግ። 11ኛውን ቁጥር ከደብተሩ ሽፋን አውርደን ወደ ቦታው እንመልሰውና ምዕራፉን ከላይ እንጀምረው።

ኤርምያስ 29 ደብዳቤ ነው። ነቢዩ ከኢየሩሳሌም ሆኖ ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች የላከው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ገደማ ናቡከደነፆር ንጉሡን ኢኮንያንን፣ ሹማምንቱን፣ ጠራቢውንና ብረት ሠሪውን ሳይቀር ጠራርጎ ወስዷል። ደብዳቤው የደረሳቸው ቤታቸውን፣ ሥራቸውን፣ ቤተ መቅደሳቸውን ያጡ ሰዎች ናቸው። በዛሬ ቋንቋ፣ ያሰቡት ሁሉ የከሸፈባቸው።

እና ምን ይላቸዋል? ከ5ኛው እስከ 7ኛው ቁጥር ያለውን አንብቡ። ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ፣ አትክልት ተክላችሁ ፍሬውን ብሉ፣ አግቡ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለማረካችሁ ከተማ ሰላም ጸልዩ ነው መልእክቱ። ያ የምንወደው ቁጥር ከመምጣቱ በፊት ደግሞ 10ኛው አለ፤ 70 ዓመት የሚለው። ደብዳቤው ሲነበብ 30 ዓመት የሆነው ሰው መመለሱን አያይም። የልጅ ልጁ ያያል። ስለዚህ ያ መልካም አሳብ የተነገረው «በዚህ ሴሚስተር ይሳካልሃል» ተብሎ አይደለም። ባልመረጣችሁት ቦታ ረጅም ዘመን ትኖራላችሁ፣ እኔ ግን አልረሳኋችሁም ተብሎ ነው።

ከፊቱ ያለውን 28ኛውን ምዕራፍም አንብቡት። እዚያ ሐናንያ የሚባል ሰው አለ። በሕዝቡ ፊት ቆሞ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል አለ። ኤርምያስ አንገቱ ላይ ያደረገውንም ቀንበር ወስዶ ሰበረው። ያኔ ስልክ ቢኖር ኖሮ ማን ብዙ ሼር ያገኝ ነበር ትላላችሁ? በሁለት ዓመት ያለው ነው ወይስ በ70 ያለው? ምዕራፉ ሲያልቅ ግን እግዚአብሔር ሐናንያን እንዳልላከው ይነግረናል።

የፊልጵስዩሱም እንደዚያው ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ያንን ሲጽፍ እስር ላይ ነበር። አንድ ቁጥር ወደ ላይ ብትሉ መጥገብንም መራብንም፣ መትረፍረፍንም ማጣትንም እንደተማረ ይናገራል። «ሁሉን» ያለው ይኸንን ሁሉ ነው። ማጣትንም እችለዋለሁ ማለቱ ነው እንጂ ያሻኝን ሁሉ አገኛለሁ ማለቱ አይደለም።

ይኸ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ጥቅስማ ሰይጣንም ያውቃል! ማቴዎስ 4 ላይ ጌታችንን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲለው ከዳዊት መዝሙር ነው የጠቀሰለት፣ በእኛ ዳዊት 90ኛው። መላእክቱ ስለ መጠበቃቸው ያለውን አነበበና አቆመ። ቀጥሎ ያለው ቁጥር እባብና ዘንዶ ስለ መርገጥ ነው፣ እሱን አላነበበውም። ጌታችንም መልሶ የተጠቀመው መጽሐፍን ነው። ሦስቱም መልሶቹ ከኦሪት ዘዳግም ናቸው፣ ከ6ኛውና ከ8ኛው ምዕራፍ። 8ኛው ሕዝቡ 40 ዓመት በምድረ በዳ ተርቦና ተፈትኖ ምን እንደተማረ የሚያስታውስ ነው። አንደኛው ቃሉን እግዚአብሔርን ለማስገደድ ያዘው፣ ሌላው እግዚአብሔርን ለመታዘዝ። ለእኔ በቃሉ የመታመን ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ይኸን ከመጽሐፍ በፊት ያየሁት ከአባቴ ነው። ብዙዎቻችሁ ቤትም እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ዳዊቱን ሳይደግም እህል የማይቀምስ። ዳዊት በቀን ተከፍሎ ነው የሚደገመው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150፣ እሑድ ደግሞ መኃልዩ። በዚህ ሥርዓት ማንም የሚወደውን መርጦ አያነብም። ሠርግ ያለህ ቀን የልቅሶ መዝሙር ይደርስሃል። ሐዘን የተቀመጥክ ቅዳሜ ያ ሁሉ ምስጋና ይደርስሃል። ስሜትህ ቃሉን አይመርጠውም፣ ቃሉ ነው ስሜትህን የሚያስተምረው።

አባቴ ታሞ ቤት የዋለበት ዓመት ዓይኑ ደከመና እኔ አነብለት ጀመር። አንድ ሐሙስ 87ኛው ላይ ደረስን። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ አብዛኞቹ መዝሙሮች ቢያንስ መጨረሻቸው ላይ ብርሃን ይታያል፣ ይኸኛው ግን ጨለማ ውስጥ ጀምሮ ጨለማ ውስጥ ያልቃል። በሽተኛ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ እሱን ሳነብ ድምፄ እያነሰ ሄደ። አባቴ ዓይኑን እንደጨፈነ «ምነው ልጄ? ከፍ አድርገህ አንብብ እንጂ፣ እሱም ጸሎት ነው» አለኝ።

እሱም ጸሎት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፣ ይኸን የሚያህል ግን ትዝ አይለኝም። አባቴ አልዳነም፣ በዚያው ዓመት አረፈ። ዳዊቱን ግን አንድም ቀን የመዳኛ ዋጋ አድርጎ አልከፈለውም። ከእግዚአብሔር ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋው ነበር። ደስታም ጨለማም የሚነገርበት ቋንቋ።

ታዲያ በየዕለቱ ኑሮ እግዚአብሔርን መፈለግ ምን ይመስላል? ያ ደብዳቤ 13ኛው ቁጥር ላይ በፍጹም ልብ የሚፈልጉት እንደሚያገኙት ይነግረናል። የሚፈልጉት ግን የት ሆነው ነው? ባቢሎን ሆነው፣ አትክልት እየኮተኮቱ፣ ልጅ እያሳደጉ! ለኔ ባቢሎኔ ባልመረጥኩት ወረዳ ያለው ክፍል ነው፣ ከ60 በላይ ተማሪ የተጨናነቀበት። ደመወዝ ወር ሳይጋመስ ያልቃል። ጠዋት ዳዊቴን ደግሜ ወጥቼ ከሰዓት ልጅ ስም እየጠራሁ ካዋረድኩ ጠዋት ያነበብኩት ወዴት ሄደ? ለልጄ ማርክ ጨምርልኝ የሚል ወላጅ በር ላይ ሲጠብቀኝ፣ እዚያች በር ላይ ነው ቃሉን ማመኔ የሚታየው። መጨረሻ ወንበር ላይ የሚተኛው ልጅ ሌሊት ሥራ ላይ አድሮ ይሆን ብሎ መጠየቅም፣ ለእኔ ለዚያች ከተማ ሰላም የመጸለይ አካል ነው።

ለልጅቱ ይኸን ሁሉ አልጻፍኩላትም። እግዚአብሔር አልዋሸሽም፣ እምነትሽም አልጎደለም፤ ኤርምያስ 29ን ከ1 እስከ 14 አንብቢውና እናውራ ነው ያልኳት። ከሁለት ቀን በኋላ «ቲቸር፣ 70 ዓመት ነው እንዴ የሚለው?!» ብላ ጻፈችልኝ። ሳቅኩ፣ እሷም እንደሳቀች ነገረችኝ። ከዚያ «ግን እኮ ቤት ሥሩ ይላል» አለች። አሁን ከእናቷ ጋር እየሠራች በማታ ሙያ ትማራለች። ሁሉ ነገር ተስተካከለላት ልላችሁ አልችልም። ይከፋታል፣ ጓደኞቿ ከዩኒቨርሲቲ ፎቶ ሲለጥፉ ያማታል። ይከፋታል እንጂ መጸለይ አላቆመችም።

ይኸን ለሚያነቡ ተማሪዎቼ የምመክረው ትንሽ ነገር ነው።

አንድ፦ ጥቅስ ስትወዱ ምዕራፉን ሙሉ አንብቡ። ለማን ተጻፈ? መቼ? ከላይና ከታች ምን አለ?

ሁለት፦ መርጣችሁ ሳይሆን በተራ አንብቡ። ዳዊትም ይሁን ወንጌል፣ በቀን አንዲት ምዕራፍ ትበቃለች። የማይመቸውንም አትዝለሉ።

ሦስት፦ ካነበባችሁት አንዲት ነገር ይዛችሁ ውጡና በዚያው ቀን አንድ ሰው ላይ ሥሩባት። ይቅርታ ከሆነ ይቅርታ፣ እውነት መናገር ከሆነ እውነት መናገር።

አራት፦ ስትከፉ ለእግዚአብሔር ከፍቶኛል በሉት። እሱም ጸሎት ነው።

ደብተራችሁ ላይ ጥቅስ መጻፍ አቁሙ አላልኩም፣ ኧረ ጻፉ! 11ኛውን ስትጽፉ ግን ከጎኑ 5ኛውንና 7ኛውንም ጻፉልኝ። የቤት ሥራ ነው፣ አያለሁ።

እናንተስ? ሽፋን ላይ ጽፋችሁት በኋላ ምዕራፉን ሙሉ ስታነቡት ሌላ ሆኖ ያገኛችሁት ቃል አለ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ ሌላውም ይማርበት።

በያለንበት ባቢሎን ጸንተን እንድንኖር እርሱ ይርዳን። ቸር ያሰማን!