ለእናቴ ያልሰጠሁት መልስ

የእናቴ ጥያቄ አጭር ነው፤ «ልጁን እንስደደው ወይስ ይቅር?»

ልጁ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ጥሊሊ ስምንተኛ ክፍል ይማራል። አዲስ አበባ የሚኖር አንድ ዘመዳችን ወጪውን ችዬ «ኢንተርናሽናል» ትምህርት ቤት ላስገባው ብሏል፤ ፈረንጆች የሚያስተምሩበት፣ ከሒሳብ እስከ ታሪክ ሁሉ ነገር በእንግሊዝኛ የሚሰጥበት። እናቴ ደግሞ ዩኒቨርስቲ የገባ ሰው ሁሉን የሚያውቅ ይመስላታልና ፍርዱን ለእኔ ጣለችው። ይኸው ሁለት ሳምንቴ፤ ስልክ በደወለች ቁጥር የጤና የጤናውን አውርቼ እዘጋለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ «ኧረ ይኸ ምን ያጠያይቃል? ይሂድ እንጂ!» ትለኝ ይሆናል። የእናቴን አጎት ባላውቃቸው ኖሮ እኔም እንዲያው ባልኩ ነበር።

ጋሼ ነው የምንላቸው። የስምንተኛ ክፍልን ፈተና በከፍተኛ ውጤት አልፈው በ1960 ዓ.ም. ጄኔራል ዊንጌት ገቡ። ዊንጌት በ1930ዎቹ መጨረሻ ተከፍቶ በብሪቲሽ ካውንስል እጅ የቆየ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር፤ ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ልጆች ተሰብስበው በእንግሊዞች ይማሩበት፣ የለንደኑን ጂ.ሲ.ኢ. ፈተናም ይወስዱበት ነበር። ስሙ የተወሰደለት ኦርድ ዊንጌት በ1933 ዓ.ም. «ጌዴዎን» የተባለውን ጦር ይዞ ከአርበኞቻችን ጋር ጣሊያንን ሲገፋ ከእንጅባራ ወደ ቡሬ የወረደው በእኛው አገር በኩል ነው። ጥሊሊ ደግሞ በሁለቱ መካከል ናት። «እሱ እኛ ዘንድ መጣ፣ እኔ ብድሩን ልመልስ ሄድኩ» እያሉ ይቀልዳሉ ጋሼ።

ትምህርት ቤቱን ሲያነሱ ፊታቸው ይበራል። ከትግሬው፣ ከሐረርጌው፣ ከከፋው ልጅ ጋር በአንድ መኝታ ቤት አድረዋል። በኋላ በአንድ መሥሪያ ቤት ተርጓሚ ሆነው ሠላሳ ዓመት ሠሩ፤ ደሞዛቸውም ቤታቸውም በእንግሊዝኛቸው የመጣ ነው። ጡረታ ወጥተው ጥሊሊ ሲገቡ ደግሞ የከተማው ወረቀት ሁሉ ደጃቸው ተሰለፈ፤ የዲቪው ፎርም፣ የመድኃኒቱ ማዘዣ፣ አረብ አገር የምትሄደው ልጅ ውል። አንድ ሳንቲም አይቀበሉም።

በመጡ በወሩ አያቴ፣ ማለትም ታላቅ እህታቸው፣ በጠና ታመመች። በመጨረሻዎቹ ቀናት አማርኛው ጠፍቶባት በአዊኛ ብቻ ነበር የምትናገረው። ጋሼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጎንበስ ብለው ሰሟት፤ ከዚያ ቀና ብለው «ምን አለች?» አሉኝ በአማርኛ። እኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ።

«ፈረሱን አሰርከው ወይ ነው የምትልዎት» አልኳቸው። የየትኛው ዘመን ፈረስ እንደሆነ እንጃ፤ የልጅነታቸው ይሆናል።

«አስሬዋለሁ በላት» አሉኝ።

ነገርኳት። እሳቸው እጇን ይዘው ቀሩ።

ብዙ ቆይቼ፣ ጎረምሳ ሆኜ፣ «እዚያ ትምህርት ቤት አዊኛ ማን ከለከልዎት?» ብዬ በድፍረት ጠየቅኋቸው። «ማንም» አሉኝ። «እንግሊዞቹ አንድ ቀን ክፉ አልተናገሩኝም። እኔው ራሴ ነኝ ያፈርኩበት።»

በበኩሌ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ሰውን ሁሉ እንደ ጡብ በአንድ ቅርጽ ያወጣል ሲባል አይዋጥልኝም። ሙላቱ አስታጥቄ መሐንዲስ ይሁን ተብሎ ዌልስ ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ተልኮ ሙዚቀኛ ሆኖ ነው የወጣው፤ ከዚያም የራሱን አገር ቅኝት ከጃዝ ጋር አዛመደ። ስለዚህ ጥፋቱን በትምህርት ቤት ብቻ ማላከክ አይሆንም።

ደግሞም እውነቱን ልናገር፣ እቀናለሁ። ዶርም አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እንዲህ ያለ ቦታ ነው የተማረው። መምህሩ ገና ጠይቀው ሳይጨርሱ እጁ ወጥቷል፤ አንዳንዴም ሳያውቀው ነው የሚያወጣው! እኔ ግን መልሱን እያወቅሁ በልቤ እንግሊዝኛውን ስሰካካ ተራው ያልፈኛል። ስንት ጊዜ በዚህ ዓይነት የእኔን መልስ ሌላ ሰው እንደተመሰገነበት እኔ ነኝ የማውቀው። ወንድሜ ይኸን እንዲቀምስ አልፈልግም።

ይኸው ልጅ ባለፈው ሰሞን ቀበሌ የሚያስገባውን ማመልከቻ በአማርኛ ጻፍልኝ ብሎ ለመነኝ። ጻፍኩለት። ምን እንደሚል እንኳ ሳያነብ ፈረመበት። ስስቅበት እሱም ሳቀ፤ ኋላ ግን ወረቀቱን እያጠፈ «አያቴ ስታወራኝ ግማሹን ነው የምሰማት» አለኝ። ሳቄ ጠፋ።

ትናንት ማታ እናቴ ደወለች። የጤናውን ጨርሰን ልዘጋ ስል ወንድሜ ስልኩን ተቀበላት።

«እኔን ግን ማን ጠየቀኝ?» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ማንም አልጠየቀውም። የምለው ሲጠፋኝ «ጋሼን አማክራቸው» አልኩት።

«አማክሬያቸዋለሁ። ሂድ ብለውኛል። ማታ ማታ እንግሊዝኛ እያስጠኑኝ ነው።» ትንሽ ዝም አለና «እኔ ደግሞ አዊኛ እያስጠናኋቸው ነው፤ ግን አሁንም ይረሳሉ» አለኝ።

እናቴ ስልኩን መልሳ ተቀበለች።

«እህ፣ ምን አልክ ታዲያ?»