ከአስጎብኚ ጋር በዳኑብ ዳር

አገር መጎብኘት ዓይንን ማዝናናት ብቻ አይደለም። ሰው ወደማያውቀው ከተማ በሄደ ጊዜ የሚያየው ሕንፃና አደባባይ፣ ሐውልትና ቤተ መቅደስ በራሱ አንደበት የለውም፤ የሚናገርለት ሰው ይሻል። ይህም ሰው አስጎብኚ ነው። አስጎብኚ የጠቆመው ይታያል፤ ያልጠቆመው ይታለፋል። ስለዚህ ጎብኚ ጆሮውን ለአስጎብኚው ቢሰጥም ጥያቄውን ግን ለራሱ ማስቀረት ይገባዋል። በዚህ ሳምንት የቤተሰብ ዓምዳችን የሠራዊቱን አባላትና ባለቤቶቻቸውን ይዘን ወደ ሀንጋሪ ዋና ከተማ ወደ ቡዳፔስት የምናመራው ይህንኑ ሐሳብ ስንቅ አድርገን ነው።

በቅድሚያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። «ቡዳ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ሕፃን ልጃቸውን ወደ ጉያቸው ሳብ የሚያደርጉ እናቶች አይጠፉ ይሆናል። የዳኑብ ቡዳ ግን ከእኛው ቡዳ ጋር የስም እንጂ የሥጋ ዝምድና የለውም፤ ዓይኑም ሰው አይበላም። ቡዳ ማለት ከወንዙ በስተ ምዕራብ በኮረብታ ላይ የተቆረቆረችው ከተማ ስትሆን፣ ፔስት ደግሞ በስተ ምሥራቅ በሜዳ ላይ የተዘረጋችው ናት። ሁለቱ ከጥንታዊቷ ኦቡዳ ጋር ተዋሕደው አንዲት ቡዳፔስት የሆኑት በ1873 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመካከላቸው የሚያልፈው ዳኑብ ከጀርመን አገር ተነሥቶ 2,850 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጥቁር ባሕር ይገባል። በመንገዱም ቪየናን፣ ብራቲስላቫን፣ ቡዳፔስትንና ቤልግሬድን፣ አራት ዋና ከተሞችን ያጠጣል።

ከተማይቱ በሦስት መንገድ ትጎበኛለች፤ በእግር፣ በአውቶቡስና በጀልባ። በእግር የሚጎበኙት ሰዎች በአንድ አደባባይ ተሰብስበው፣ አስጎብኚዋ ከፍ አድርጋ የያዘችውን ጃንጥላ እንደ ዓርማ እየተከተሉ ይጓዛሉ። ከእነዚህ ጉብኝቶች አንዳንዶቹ አስቀድሞ ዋጋ የማይቆረጥላቸው ናቸው፤ ጎብኚው በመጨረሻ እንደ እርካታው ጉርሻ ይሰጣል። እኛ በእግር መሄዱን እንመርጣለን፤ ወታደር መሬትን የሚያውቀው በእግሩ ነውና።

በኮረብታው ላይና በኮረብታው ሆድ ውስጥ

መነሻችን የቡዳ ግንብ ኮረብታ ነው። በዚያ የማትያስ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። መሠረቱ የ13ኛው መቶ ዘመን ነው። በ1541 ቱርኮች ቡዳን በያዙ ጊዜ መስጊድ ሆነ፤ በ1686 የክርስቲያን ነገሥታት ጦር ከተማይቱን ሲያስለቅቅ ወደ ቀድሞ አገልግሎቱ ተመለሰ። በአጠገቡ «የዓሣ አጥማጆች ምሽግ» የሚባለው ነጭ ግንብ ይታያል። ሰባት ማማዎቹ የሀንጋሪን ሕዝብ ወደዚህ ምድር የመሩትን ሰባቱን የጎሣ አለቆች ያስታውሳሉ። ወታደራዊ ዓይን ያለው ሰው ግን ይህ ግንብ ለመከላከያ እንዳልተሠራ ወዲያው ይረዳል። ከ1895 እስከ 1902 ባሉት ዓመታት ለውበት የታነፀ ነው። ጎብኚው ሁሉ ጀርባውን ለግንቡ፣ ፊቱን ለፎቶግራፍ አንሺው ሰጥቶ የሚቆመው እዚህ ነው።

የጦርነት እውነተኛ ገጽ ያለው ከዚሁ ኮረብታ ሥር፣ በድንጋዩ ሆድ ውስጥ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በተፈጥሮ ዋሻዎች ውስጥ ሆስፒታል ተዘጋጅቶ ነበር፤ በ2008 ሙዚየም ሆኖ ለጎብኚ ተከፍቷል። የተሠራው ለ60 ወይም 70 ሕሙማን ሲሆን በከበባው ወራት ከ600 በላይ ቁስለኞች ታጭቀውበታል። መድኃኒትና ፋሻ ባለቀ ጊዜ ከሞቱት ላይ የተፈታው ፋሻ ለቆሰሉት ይውል ነበር። በዚያ ጨለማ ውስጥ ከሐኪሞቹ ጎን ቀንና ሌሊት የቆሙት አስታማሚ ሴቶች ነበሩ። ግንብን የሚያደንቅ ሁሉ ወደዚህ ዋሻ ቢወርድ፣ የጦር ሜዳ ድካም በእጥፍ የሚወድቀው በማን ትከሻ ላይ እንደሆነ ይገባዋል።

ድልድዩ

ከኮረብታው ቁልቁል ስንወርድ የሰንሰለት ድልድይ ፊት ለፊት ይጠብቀናል። ቀድሞ ሁለቱን ዳርቻዎች የሚያገናኘው በጀልባዎች ላይ የተነጠፈ ድልድይ ሲሆን፣ በብርዱ ወራት የበረዶ ግግር ወንዙን ሲሞላው ይነሣ ነበር። መስፍን ኢሽትቫን ሴቼኒ በ1820 የአባቱን ሞት ተረድቶ ወንዙን መሻገር አቅቶት ለቀናት በዳርቻው ቆመ ይባላል። ከዚያ በኋላ የቋሚ ድልድይ ነገር የሕይወቱ ዓላማ ሆነ። ንድፉን ያወጣው እንግሊዛዊው ዊሊያም ቲርኒ ክላርክ ነው፤ ሥራውን የመራው ስኮትላንዳዊው አዳም ክላርክ ነው። ሁለቱ ክላርኮች አይዛመዱም። ድልድዩ በኖቬምበር 20 ቀን 1849 ሲመረቅ ሴቼኒ ቪየና አጠገብ በአእምሮ ሕሙማን ማረፊያ ነበረ፤ ያለመውንም ድልድይ ምረቃ አላየም።

ስለዚህ ድልድይ አስጎብኚዎች ሁሉ የሚተርኩት ቀልድ አለ። በሁለቱ ጫፎች የተቀመጡት የድንጋይ አንበሶች ምላስ የላቸውም፤ ቀራጩም ይህ ሲነገረው አፍሮ ወንዝ ገባ ይላሉ። ነገሩ ተረት ነው። አንበሶቹ ምላስ አላቸው፤ ከሥር ላለ ሰው አይታይም እንጂ። እኛ ግን ከምላሱ ይልቅ ብዙ የማይወራለትን አንድ ነገር እንናገር። ስለ ድልድዩ የወጣው ሕግ የሚሻገር ሁሉ፣ መኳንንቱም ጭምር፣ ቀረጥ እንዲከፍል አዘዘ። እስከዚያ ቀን ድረስ የሀንጋሪ መኳንንት ግብር የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። ጌታውና ገበሬው በአንድ በር እኩል ከፍለው ያለፉበት በመሆኑ፣ ድልድዩ ያገናኘው ሁለት ዳርቻዎችን ብቻ አይደለም።

ይህ በ10 ዓመት ድካም የታነፀ ሥራ የፈረሰው በአንድ ማለዳ ነው። በዲሴምበር 1944 መጨረሻ የሶቪየትና የሩማንያ ጦር ከተማይቱን ከበበ። ከበባው 50 ቀን ያህል ቆየ። የጀርመንና የሀንጋሪ ጦር ከፔስት ወደ ቡዳ ሲያፈገፍግ፣ ጀርመኖች የቀሩትን ድልድዮች አንድ በአንድ አፈነዱ፤ የሰንሰለት ድልድይም በጃንዋሪ 18 ቀን 1945 ወንዝ ውስጥ ወደቀ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ቡዳ የቆየችው አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ነው፤ በፌብሩዋሪ 13 እጅዋን ሰጠች። በከበባው 38,000 ያህል ሲቪል ነዋሪዎች አለቁ። አብዛኛው ቤተሰብ ወራቱን ያሳለፈው በምድር ቤት ውስጥ ነው፤ እናቶች በረዶ እያቀለጡ ውሃ፣ መንገድ ላይ ከወደቀ ፈረስ ሥጋ እየቆረጡ ምግብ ያዘጋጁ ነበር።

ሕዝቡ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በፓርላማው አጠገብ ኮሹት የተባለ ጊዜያዊ ድልድይ ተሠርቶ በጃንዋሪ 1946 ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት ዛሬ የነፃነት ድልድይ የሚባለው ቆመ። የሰንሰለት ድልድይ ታድሶ የተከፈተው በኖቬምበር 20 ቀን 1949፣ ማለትም በተመረቀ በ100 ዓመቱ ልክ በዕለቱ ነው። የኤልሳቤጥ ድልድይ ግን በአዲስ ንድፍ እስኪሠራ ድረስ እስከ 1964 ቆየ። ፈንጂው የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነበር፤ ግንባታው 19 ዓመት ወሰደ። ይህን ስሌት ወታደር የሆነ ሁሉ በልቡ ቢጽፈው መልካም ነው።

ጫማዎቹ

ወደ ፔስት ተሻግረን በዳርቻው ወደ ሰሜን ስንጓዝ የፓርላማው ሕንፃ ይታያል። ርዝመቱ 268 ሜትር፣ የጉልላቱ ከፍታ 96 ሜትር ነው። ቁጥሩ በአጋጣሚ አልተመረጠም፤ ሕዝቡ በዚህ ምድር ሠፈረ የሚባልበትን 896 ዓመተ ምሕረት ያስታውሳል። ንድፍ አውጪው ኢምሬ ሽታይንድል ፓርላማው በ1902 በአዲሱ ሕንፃ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሞተ። በውስጡ የሀንጋሪ ነገሥታት ዘውድ ይጠበቃል። ዘውዱ በ1945 በአሜሪካ ጦር እጅ ገብቶ እስከ 1978 ድረስ በባዕድ አገር ኖሯል፤ በላዩ ያለው መስቀል እስከ ዛሬ እንደተንጋደደ ነው።

ከፓርላማው ጥቂት ወረድ ብሎ ግን ጎብኚው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በወንዙ ጠርዝ ላይ ከብረት የተሠሩ 60 ጥንድ ጫማዎች ተደርድረዋል። የሠራተኛ ቡትስ አለ፤ ባለ ተረከዝ የሴት ጫማ አለ፤ የሕፃን ጫማም አለ። በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው ብርድ «ቀስተ መስቀል» የተባለው የሀንጋሪ ፋሺስት ድርጅት ታጣቂዎች አይሁድን ወደዚህ እየነዱ፣ ጫማቸውን አስወልቀው በጥይት ወደ ወንዙ ጣሏቸው። ጫማ በዚያን ጊዜ የሚሸጥ የሚለወጥ ንብረት ነበርና ከሰው ነፍስ ይልቅ ተፈለገ። መታሰቢያው የተተከለው በ2005 ነው። ማለፍ የሌለበት ሌላም ነገር አለ። በዚያው ክፉ ወር ስዊድናዊው ዲፕሎማት ራውል ዋለንበርግ የመከላከያ ወረቀት እያደለ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን አተረፈ፤ እርሱ ራሱ ግን በጃንዋሪ 1945 በሶቪየቶች ተይዞ በዚያው ቀረ። የጦር መሣሪያ በእጁ የያዘ ሰው መሣሪያውን በማን ላይ እንዳነሣ እንዲያስብ ከእነዚህ ባዶ ጫማዎች የበለጠ ትምህርት አይገኝም።

ገበያና ፍል ውሃ

እህቶቻችን ሐዘኑ በዛብን እንዳይሉ ወደ ታላቁ የገበያ አዳራሽ እንግባ። በ1897 የተከፈተ፣ ጣሪያው በብረት የተዋቀረ፣ በነፃነት ድልድይ አፍ ላይ ያለ አዳራሽ ነው። በገመድ ተሰክቶ የተንጠለጠለውን ቀይ በርበሬ ያየች ሴት አገሯ የገባች ይመስላታል። ሀንጋሪያውያን ያለ በርበሬ ድስት አይጥዱም። ጉላሽ የምንለው ወጥ ስሙ ከእነርሱ የመጣ ሲሆን፣ በአገሩ ግን የከብት እረኞች ሾርባ ነው። ሐኪሙ አልበርት ሴንት ጄርጂ ቫይታሚን ሲን በብዛት ያወጣው ከዚሁ በርበሬ ነው፤ በ1937 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። የደከመው እግር የሚያርፈው ደግሞ በፍል ውሃ ነው። ሩዳስ የተባለው መታጠቢያ ከቱርኮች ዘመን፣ ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ አለ። በ1913 በተከፈተው በሴቼኒ ፍል ውሃ ሽማግሌዎች እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ቼዝ ሲጫወቱ ይታያል።

ሐውልቱም ቃሉም ይለወጣል

ከገበያው የነፃነትን ድልድይ ተሻግረን ወደ ጌለርት ኮረብታ እንወጣለን። በጫፉ ላይ በሁለት እጆቿ የዘንባባ ዝንጣፊ ወደ ሰማይ ያነሣች ሴት ሐውልት አለች። በ1947 ስትተከል ለሶቪየት ነፃ አውጪዎች የቆመች ነበረች፤ ከሥሯም የሶቪየት ወታደር ቆሞ ነበር። ከሥርዓቱ ለውጥ በኋላ ወታደሩ ተነሥቶ በ1993 የተከፈተው የሐውልቶች መናፈሻ ገባ፤ ጽሑፉም ተለውጦ ሴቲቱ ለሀንጋሪ ነፃነት ለተሠዉ ሁሉ መታሰቢያ ሆነች። በ1956 የተነሣውንና በሶቪየት ታንክ የተደመሰሰውን አመፅ የመንግሥት አንደበት እስከ 1989 ድረስ «ፀረ አብዮት» ይለው ነበር፤ ዛሬ «አብዮትና የነፃነት ትግል» ተብሎ በየዓመቱ ይከበራል። ያው ኮረብታ፣ ያው ወንዝ፣ የአስጎብኚው ቃል ግን ሌላ ሆነ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የተባለው ለዚህ ነው። ሐውልት ቢነሣ፣ ጽሑፍ ቢፋቅ፣ በየቤቱ የሚነገረው ይተርፋል።

ጉብኝቱ የሚፈጸመው በጀልባ ነው። ሲመሽ ድልድዮቹና ፓርላማው በመብራት ደምቀው በውሃው ላይ ይታያሉ፤ ውበቱ በቃል አይገለጽም። ወንዝ ግን ሁልጊዜ ወንዝ ነው። በሜይ 29 ቀን 2019 ምሽት በዝናብ ውስጥ 35 ሰዎች ይዛ የምትጓዝ የጎብኚዎች ጀልባ ከማርጊት ድልድይ ሥር ከአንድ ትልቅ መርከብ ጋር ተጋጭታ በሰከንዶች ውስጥ ሰጠመች። የተረፉት 7 ብቻ ናቸው። ይኸው ድልድይ በኖቬምበር 4 ቀን 1944 የተጠመደበት ፈንጂ ሳይታሰብ ፈንድቶ መንገደኛ እንደሞላበት ወንዝ ውስጥ የገባው ነው። ስለዚህ በጀልባ የሚሳፈር ሁሉ፣ በተለይም ልጆች የያዘ፣ የመንሳፈፊያው ሰደርያ የት እንዳለ ሳይጠይቅ በመብራቱ ውበት አይመሰጥ።

ውድ አንባብያን፣ ቡዳፔስት መሄድ የሁላችንም ዕድል ላይሆን ይችላል። የጎብኚነት ጥበብ ግን ፓስፖርት አይጠይቅም። በተመደብንበት ከተማ ሁሉ ድልድይ አለ፤ አሮጌ ግንብ አለ፤ ስሙ የተለወጠ አደባባይ አለ። በዕረፍት ቀን ልጆቻችንን በእጅ ይዘን እንውጣና ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ለአዛውንቶችም እናስጠይቅ። ይህን ማን ሠራው? ማን አፈረሰው? ለመልሶ መሥራቱስ ማን ከፈለ? የመጀመሪያውን ጥያቄ አስጎብኚ ሁሉ ይመልሳል። ሁለተኛውን የሚመልሱት ጥቂቶች ናቸው። ሦስተኛውን ግን ብዙውን ጊዜ የምንሰማው በምድር ቤት ውስጥ በረዶ ካቀለጡት፣ ፋሻ ካጠቡት፣ ድንጋይም ከተሸከሙት አፍ ነው።